የዜሮ ነጥብ ሦስት ድንበር

ባለፈው ግንቦት፣ እዚሁ ሰቆጣ፣ ስሙ ይቅርብኝ በምለው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ሽማግሌ ሰደበ። ሰው ሲሳደብ አይቻለሁ፤ በቅሎዬ ስትሳደብ ሰማሁ የሚል አጎትም ነበረኝ፤ ኮምፒውተር ግን ለእኔም የመጀመሪያዬ ነው። ስድቡ ደግሞ የሰፈር ስድብ አይደለም። «ሐሰት» ነው ያላቸው። በእኛ አገር ውሸት ይባላል፣ ቅጥፈት ይባላል፣ ተስቆበት ይታለፋል፤ እኔ ራሴ ያደግሁት በሁለቱ ነው። ሐሰት ግን የችሎትና የመስቀል ቃል ናት። «በሐሰት አትመስክር» ተብሎ በድንጋይ የተጻፈላት እሷ ናት። አንድ ጊዜ ሐሰት የተባለ ሽማግሌ ከዚያ ወዲያ ለዕርቅ አይጠራም፣ ድንበር አያስምርም፣ ቢመርቅም ምርቃቱ ከጣሪያ አያልፍም።

የተሰደቡት አያ ወልደ ጻድቅ ናቸው። ከከተማው የሦስት ሰዓት መንገድ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ፣ አባት በሞተ ቁጥር መሬቱን በገመድ ለክተው ለልጆቹ የሚያካፍሉ እሳቸው ናቸው። ገመዳቸው ከእኔ ዕድሜ ትበልጣለች። በዚያ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮ ቁጥር አራት ገብተው የቆሙት አብረዋቸው የመጡትን እህትና ወንድም፣ የሺመቤትንና ደርቤን፣ «እኩል አካፍያቸዋለሁ» ብለው ለመመስከር ነበር። ቢሮው ጠባብ ነው፤ የመስኮቱ አንድ መስታወት በካርቶን ተተክቷል፣ ግድግዳው ላይ የአምና ቀን መቁጠሪያ ዘንድሮን ይቆጥራል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ እንደ ሙሽራ ዳንቴል ለብሷል። እኔ ምንይሉ በዚያ ቢሮ ሥራ የለኝም፤ በአጥሩ በር ላይ ጃንጥላ ተክዬ ማመልከቻ እጽፋለሁ። የእነሱን ማመልከቻ በሠላሳ ብር የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ «ስህተቱ ያንተ እንዳይሆን» ተብዬ ተጎትቼ ገብቻለሁ።

ከኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው ጌታሰው የሚባል የጎጃም ልጅ ነው። ስታትስቲክስ ሁለተኛ ዲግሪ አለው፤ ሰቆጣ የተመደበው ግን ማንን በድሎ እንደሆነ እስከ ዛሬ እያጣራ ነው። ለመመረቂያው የተማራትን የቁጥር ፕሮግራም አምጥቶ የመሥሪያ ቤቱን ሥራ አቃለለ፤ ማለትም ለራሱ አቃለለ። የድሮው መዝገብ በጦርነቱ ጊዜ ማገዶ ሆኖ ስለቀረ መሬት ሁሉ እንደ አዲስ ይመዘገባል። እህትና ወንድም «እኩል ተካፈልን» ብለው ሲመጡ ጌታሰው የእያንዳንዱን ማሳ ስፋት በሄክታር ይጽፋል፤ ፕሮግራሙ የእሷንም የእሱንም ደምሮ «እኩል ናቸው?» ብሎ ራሱን ይጠይቅና ራሱ ይመልሳል። መልሱ ድሮ «ትሩ» እና «ፎልስ» ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ዝናቡ «በሥራ ቋንቋችን ይሁን» ብለው ደብዳቤ ጻፉበት፤ ጌታሰውም መዝገበ ቃላት ገልጦ «እውነት» እና «ሐሰት» አደረገው። እንግዲህ እሳቱ የተለኮሰው እዚያ ላይ ነው።

ጌታሰው ቁልፏን ሲጫን የወጣውን ጮክ ብሎ አነበበ። «እኩል ናቸው? ሐሰት።»

አያ ወልደ ጻድቅ ምርኩዛቸውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወሩ። «እኔን ነው?»

«እርስዎን አይደለም አባቴ፤ ኮምፒውተሩ ነው ያለው።»

«እኔ የለካሁትን ሐሰት ካለ ማንን አለ?»

«ኮምፒውተር ሰውን አይልም። ኮዱ ነው እንዲህ የሚያወጣው።»

«ኮዱ የማን ልጅ ነው? ይጠራልኝ።»

ጌታሰው ብቻውን ሳቀ። እሳቸው በአገራቸው ቋንቋ፣ በኽምጥኛ፣ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ፤ እየተናገሩም ምርኩዙ ሁለት ጊዜ መሬት መታ። ጌታሰው ወደ የሺመቤት ዞሮ ምን እንዳሉ ጠየቃት። «ጤና ይስጥልኝ ነው ያሉት» አለች ወለል ወለሉን እያየች። «ይሄ ሁሉ?» ሲላት፣ «ለቤተሰብህም ጭምር» አለችው።

የሺመቤት ስድስት ዓመት ጅዳ የሰው ቤት ስታጸዳ ኖራ የተመለሰች ናት። ያመጣችው ገንዘብ ለአባቷ ሕክምና ሄደ፤ አባቷም ተከትሎት ሄደ። የቀራት መሬቱ ብቻ ነው። ለእሷ ሁለት ቁራጭ ደረሳት፤ ከደጅ ያለው ዜሮ ነጥብ አንድ ሄክታር፣ ወንዝ ዳር ያለው ዜሮ ነጥብ ሁለት። ለታናሽ ወንድሟ ለደርቤ አንድ ሰፊ ማሳ ደረሰው፤ ዜሮ ነጥብ ሦስት። ዕጣው በፍየል በጠጥና በጠጠር ተጣለ፣ ማንም አልተከፋም፣ ጠላ ተጠጣበት። ነገሩ እንዲህ ያለቀ ነበር። ግን ዛሬ በአሥራ አንድ ሰዓት «እውነት» የተባሉት ዝርዝር ወደ ዞን ይላካል፤ «ሐሰት» የተባለ ለከርሞ ያድራል። የመሬት ደብተር የሌላት ሴት ክረምት ሲገባ «እስኪጣራ ቆይ» ትባላለች፤ እስኪጣራ ድረስ ሌላ ሰው ያርሰዋል፣ ሲጣራም ያረሰው ሰው ምስክር ሆኖ ይቀርባል። ይህን የማታውቅ ሴት በእኛ ወረዳ የለችም።

የሺመቤት ሳትቆጣ ጠየቀች። «አንድና ሁለት ሦስት አይደለም እንዴ?»

«ነው» አለ ጌታሰው። እሱም ገርሞት የሁለቱን ድምር ለየብቻ እንዲያሳየው አዘዘ። የእሷ፣ ዜሮ ነጥብ ሦስት። የእሱ፣ ዜሮ ነጥብ ሦስት። እኩል ናቸው? ሐሰት። ሁላችንም ኮምፒውተሩን አየነው፤ እሱ ግን አላፈረም። እኔ ዋሽቼ ስያዝ ቢያንስ አንገቴን እደፋለሁ። ጌታሰው በዚህ ቢያቆም ኖሮ ነገሩ በሳቅ ያልቅ ነበር፤ የተማረ ሰው ግን ሳይቆፍር አያድርም። «ከነጥቡ በኋላ ያለውን እስከ መጨረሻው ላውጣው» ብሎ አንድ ነገር ጻፈ። ስክሪኑ ላይ የእሷ 0.30000000000000004 ሆኖ ወጣ። የእሱ ደግሞ 0.29999999999999999።

ደርቤ እስከዚያ ድረስ በሩን ተደግፎ የጥርስ መፋቂያውን የሚያኝክ ሰው ነበር። አራተኛ ክፍል ደርሷል፤ ቁጥር ያነባል። ጠጋ አለና ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ። «እሷን ዜሮ ነጥብ ሦስት አላት። እኔን ዜሮ ነጥብ ሁለት ነው የሚለኝ!»

«አይ፣ ሁለት ብሎ ከዚያ አሥራ ስድስት ዘጠኝ አለ እኮ» አለው ጌታሰው። «ሦስት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው።»

«ቀረው ነው ያልከኝ?»

«በጣም ጥቂት።»

«ቀረው ብለሃል፤ ሰምታችኋል!» ወደ እኛ ዞረ። ወደ እህቱ ግን አልዞረም። መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ ኪሱ ከተተና ወጣ። በዚያ ሰዓት አያ ወልደ ጻድቅን አየኋቸው። የአንድ ሰው ፊት ሲያረጅ ዓይኔ እያየ ነው፤ ሽማግሌ ነበሩ፣ ሌላ ሽማግሌ ሆኑ።

በረንዳው ላይ አንድ ረጅም አግዳሚ አለ። ሌላ ጊዜ አሥራ ሁለት ሰው ይይዛል፤ በዚያ ቀን እህትና ወንድም በሁለት ጫፍ ተቀምጠው ሞሉት። እኔ ከጃንጥላዬ ሥር ሆኜ አያቸዋለሁ። ሻይ ሻጯ መጥታ «ለሁለታችሁም?» ስትል የሺመቤት ሠላሳ ብር ሰጠች፣ አንዱ ብርጭቆ ደርቤ አጠገብ ተቀመጠ፣ ዝንብ ጠጣው። እሱ ከጋዝጊብላ ካገባት ሚስቱ ጋር በስልክ ያወራል። ስልኩ ቻይና ስለሆነ ሚስጥር አያውቅም፤ የሴትየዋ ድምፅ እስከ እኔ ይሰማል። «አላልኩህም? ወንዝ ዳር የሚባለው ለምን ለእሷ ደረሰ? በጠጡን ማን ጨበጠ?» ትላለች። እሱ «እህ… እህ…» ይላል። ትናንት ማታ የዘነበው ካፊያ ግቢውን አጨቅይቶት ነበርና የሺመቤት የኮንጎ ጫማዋን በእንጨት ስትፍቅ ቆየች፤ ከዚያ ሰልችቷት ተወችው። ከጅዳ የመጣች ጊዜ እሱ ነው አሉ ከአየር ማረፊያ ድረስ ሄዶ የተቀበላት፤ ሻንጣዋን በራሱ ላይ ተሸክሞ፣ «እትዬ ደህና ገባሽልኝ» እያለ። አሁን በመካከላቸው አሥር ሰው የሚያስቀምጥ ባዶ እንጨት አለ።

እነሱ የመጀመሪያዎቹ አልነበሩም፤ የነገሩ ክፋት ይሄ ነው። ከኅዳር ጀምሮ አርባ ስድስት ቤተሰብ ሐሰት ተብሎ ተመልሷል። ማመልከቻቸውን የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። አንዱ ወንድሙን ከማኅበር አስወጣው፤ አንዲቱ እናት ሁለት ልጆቿን በአንድ ሰሃን አቅርባ ሁለቱም አንበላም ብለው ሰሃኑን ድመት ወረሰው፤ አንዱ ደግሞ ወንድሙን በዱላ ብሎ ዱላው ሲሰበር «ዱላውን ተካፍለን ነው የገዛነው» ተብሎ በሌላ ክስ ተከሰሰ። ይሄኛውን እኔ ጨምሬው ሊሆን ይችላል። የሚገርመው መሬታቸው በሩብና በግማሽ የሆነ ሰዎች ሁሉ ያለ አንድ ጥያቄ ያልፋሉ። ሩብና ሩብ ግማሽ፤ እውነት! ስለዚህ ከተማው ውስጥ «የሩብ ሰዎች ጉቦ ሰጥተዋል» የሚል ወሬ ነገሠ። አንድ ምስኪን ባለ ሩብ ገበያ ውስጥ ማር ሲገዛ ታይቶ «ለማን ነው?» ተብሎ አንገቱን ታንቋል።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ጌታሰው ምሳ አልወጣም። ነገሩ በልቶታል። ባሕር ዳር ላለ የክፍል ጓደኛው ደወለ፤ እኔም ወረቀት የማስተካክል መስዬ ገባሁ፣ አያ ወልደ ጻድቅም ከጥጉ አልተነሡም ነበር። ጓደኛው ጉዳዩን ሰምቶ እንዲህ ሳቀ እንዲህ ሳቀ፣ ስልኩ ከጠረጴዛው ሊወድቅ ነበር። «አንተ ሰውዬ! አሥርዮሽን እንዲያው በደረቁ እኩል ነው ወይ ብለህ ትጠይቃለህ? ኮምፒውተር የሚቆጥረው በሁለት ጣት ነው፤ እንደኛ አሥር ጣት የለውም። ግማሽና ሩብ ስትለው ይገባዋል። አንድ አሥረኛ ስትለው ግን በሁለት እየከፈለ ሲያሳድደው አያልቅለትም፤ ቦታ ሲጠበው አንድ ጋ ይቆርጠዋል። የተቆረጠውን ከተቆረጠው ስትደምር ቅንጥብጣቢው ይተርፋል። ትንሽ ልዩነት ፍቀድለት፤ ከዚያ በታች ከሆነ እኩል ነው ይበል። መጀመሪያ ዓመት ላይ የተማርነው እኮ ነው!»

ጌታሰው ስልኩን ዘግቶ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ። መጀመሪያ ዓመት ላይ ያችን ቀን የት እንደነበረ እያሰበ ይመስለኛል።

አያ ወልደ ጻድቅ ከጥጋቸው «ገመድ ነው ያለህ?» አሉ።

«እንዴት አባቴ?»

«ገመድ በጠዋት ጤዛ ሲነካት ትሰበሰባለች፤ ቀትር ላይ ትለቃለች። አንዱን ወንድም በጠዋት፣ ሌላውን በቀትር ለክተህ እኩል ናቸው ብለህ አትምልም፤ ምለህም አታድርም። ለዚያ ነው ድንበር የምንተወው። በሁለቱ መሀል ሁለት ጫማ ሣር ትቀራለች፤ አንተም አታርሳት፣ እኔም አላርሳት። የገመዷ ሐሰት እዚያ ትተኛለች። በሁለት ጫማ ውስጥ ያለ ነገር አይከሰስበትም። የእኔ አባት እንዲህ ነው ያስተማሩኝ።» ወደ ኮምፒውተሩ በአገጫቸው አመለከቱ። «ይሄን ያስተማረው ሰው ድንበር ሳያስተምረው ነው የለቀቀው።»

ጌታሰው ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ ቁጭ አለ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ተነሥቶ ወደ አቶ ዝናቡ ቢሮ ሄደ፤ እኔም የሚፈረም ወረቀት ያለኝ መስዬ ተከተልኩት።

አቶ ዝናቡ ማኅተማቸውን በደረት ኪሳቸው ይዘው የሚዞሩ ሰው ናቸው። ሲያስነጥሱ እንኳ ማኅተሙን በእጃቸው ደገፍ ያደርጋሉ። ጌታሰው እየተንተባተበ አስረዳቸው። ሰሙት፤ ሲጨርስ «ስንት ሰው መልሰናል?» አሉት። አርባ ስድስት አላቸው። «እና ዛሬ አርባ ሰባተኛው ሲመጣ ተሳስተን ነበር እንበል? ለዞኑ የስድስት ወር ሪፖርት ልኬያለሁ። ‘ቴክኖሎጂው አርባ ስድስት የተጭበረበረ ክፍፍል አጋለጠ’ ብዬ ነው የላክሁት። ተጨብጭቦልኛል።»

«ግን ጋሼ፣ ልዩነቱ እኮ ምንም ነው። አንዲት የጤፍ ፍሬ የምታርፍበትን ቦታ ለሚሊዮን ሰው ቢያካፍሉት ለአንዱ የሚደርሰው ነው።»

«ታዲያ ለአንዱ ደረሰው አይደለም? ትርፍ አለ ማለት ነው። ትንሽም ብትሆን መሬት መሬት ናት።»

እዚህ ላይ አፌን ሰይጣን ከፈተው። ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ አፌ ግን አሥራ ሁለተኛን ጨርሷል። «ጋሽ ዝናቡ፣» አልኳቸው፣ «ትርፍ ካለ እህትየዋ ለምን ትርፉን ለወንድሟ አትመልስለትም? በእርስዎ ፊት ታስረክበው፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ማኅተም ይደረግበት። ከዚያ ኮምፒውተሩ እንደገና ይጠየቅ።» ቃለ ጉባኤ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው እንደ ደመራ በራ። ጌታሰው በዓይኑ ሊገድለኝ ፈለገ፤ ግድግዳውን ተደግፌ ጠቀስኩት። ዘግየት ብሎ ገባውና ሲስቅ እንዳይታይ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ። ጫማው ማሰሪያ የለውም።

ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ዘጠኝ ሆነ፣ አልመጣም። የሺመቤት ከአግዳሚው ተነሥታ የቆጣሪውን ሣጥን ሄዳ ታየዋለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች፤ በዓይኗ የምታበራው ይመስላታል። ዘጠኝ ተኩል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ወንድሟ ጫፍ ተናገረች። «ለከርሞ ከዞረ አብረን ነው የምንዞረው። ያንተም ደብተር አይወጣም።» ከዚያ ወዲያ ደርቤ ስልኩ ሲጠራ አላነሣውም። እኔ ይህን እንደ ግማሽ ዕርቅ ቆጠርኩት። አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ በሰፈሩ ያለ ሙዚቃ ቤት ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጮህ መብራት መምጣቱን አወቅን።

ርክክቡ የተደረገው በቢሮ ቁጥር አራት ነው። አቶ ዝናቡ ቆመው፣ አያ ወልደ ጻድቅ ተቀምጠው፣ እኔ ወረቀት ይዤ። «ትርፉ መሬት ይቅረብ» አሉ አቶ ዝናቡ። ማንም አላሰበበትም ነበር ለካ፤ መሬቱ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፣ ሰዓቱ አሥር ተኩል። ጌታሰው ወደ እኔ አየ፤ እኔ ወደ ጣሪያው። የሺመቤት ግን ጎንበስ ብላ የቀኝ እግሯን ኮንጎ ጫማ አወለቀች። ጠዋት ስትመጣ አቋርጣ የወጣችው ያንኑ የወንዝ ዳር ማሳዋን ነው። ከሻሽዋ ላይ መርፌ ቁልፍ ነቀለች፣ ከጫማው ሥር በጫፏ አንዲት የደረቀች የጭቃ ፍርፋሪ አነሣች፤ ካነሣችው ላይ ደግሞ ግማሹን አራገፈች።

«ይሄ ይበዛል እንዴ?» አለችው ጌታሰውን።

«በጣም ይበዛል እህቴ።»

«ይብዛለት። ወንድሜ ነው።»

«እጅህን ዘርጋ» አለችው። ደርቤ ቀኝ እጁን ዘረጋ፤ ፍርፋሪዋን መዳፉ ላይ አኖረችለትና በራሷ እጅ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችለት፣ ሕፃን ሳለ ሳንቲም ሰጥታው እንዳይጥላት ታደርገው እንደነበረ። እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩ። «እኔ የሺመቤት፣ ኮምፒውተር ትርፍ ነው ያለውን መሬት፣ ከነአፈሩ፣ ከነጤዛው፣ ከነመጠቀሚያ መንገዱ ለወንድሜ ለደርቤ በፈቃዴ አስረክቤአለሁ።» ደርቤ በግራ እጁ ፈረመ፤ ቀኙ መሬት ይዟል። አቶ ዝናቡ ማኅተሙን ከደረታቸው አውጥተው ሁለት ጊዜ እፍ አሉበትና መቱት።

ሁላቸውም ማኅተሙን ሲያዩ የጌታሰው ጣቶች ሥራ ያዙ። እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት። አንዲት መስመር ጨመረ፤ ስሟንም «ድንበር» አላት። እኩል ናቸው ወይ መባሉ ቀርቶ፣ ልዩነታቸው ከድንበር ያንሳል ወይ ሆነ። ቁልፏን ተጫነ።

«እውነት» አለ።

አቶ ዝናቡ አጨበጨቡ። አያ ወልደ ጻድቅ አላጨበጨቡም። ተነሥተው ወደ ስክሪኑ ቀረቡና ማንበብ ባይችሉም ያቺን ቃል ለረጅም ጊዜ አዩዋት። «ጠዋት ያለኝንስ?» አሉ። «ያኛውን አይሽረውም?»

ጌታሰው መሬት መሬት አየ። «ይቅርታ አባቴ» አላቸው። «እኔ ነኝ።»

«ኮዱ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው መጀመሪያውኑ እንዲህ አትልም?» አሉትና ትከሻውን በምርኩዛቸው ጫፍ ነካ አደረጉት፤ እንዳያመው፣ እንዳይረሳውም።

ስማቸው በአሥር ሰዓት ከሃምሳ ላይ ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። የሺመቤት ደብተሩ የሚሰጥበትን ቁጥር የያዘች ብጫቂ ወረቀት ተቀብላ በመቀነቷ ቋጠረችው። እኔ ጌታሰውን በር ላይ ያዝኩት። «ሌሎቹ አርባ ስድስቱስ?» አልኩት። «ከነገ ጀምሮ ለሁሉም እውነት ነው የሚላቸው። አፈር ቢያመጡም ባያመጡም» አለኝ። «ንገራቸዋ!» ስለው፣ «በሐምሌ ደረጃ ዕድገት አለብኝ» አለ። ስንነጋገር አቶ ዝናቡ ራሳቸው ማስታወቂያ እየለጠፉ ነበር። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፤ «ከዚህ ቀደም ሐሰት የተባላችሁ ባለጉዳዮች፣ ከነገ ጀምሮ ትርፍ አፈራችሁን በክብሪት ቤት አድርጋችሁ ከሁለት ምስክር ጋር እንድትቀርቡ። በፌስታል የመጣ አፈር አናስተናግድም።» አንድ ሰው ጠጋ ብሎ አነበበና ሚስቱን «ከየትኛው ማሳ ነው የምንቆርጠው?» አላት። እኔ እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አሰብኩት። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ትቶ እኔን የሚያምን ማን ነው? ምንይሉ ነኝ እኮ። ስለዚህ በዚያው ማምሻ ሦስት ሱቅ ዞሬ ባዶ የክብሪት ቤት ሰበሰብኩ። በማግስቱ አንዱን አምስት ብር ሸጥኩት። ማን ላይ እንደሳቅሁ ግን እስከ ዛሬ አላጣራሁም።

ሦስቱ ግን ቀድመው ወጥተዋል። የመንገዱን ነገር ራሷ የሺመቤት ናት ኋላ ያጫወተችኝ። አያ ወልደ ጻድቅ ከፊት፣ እሷ ከመሀል፣ ደርቤ ከኋላ ሆነው ቃል ሳይናገሩ ሦስቱን ሰዓት ተጓዙ። ስልኩ አራት ጊዜ ጠራ፣ አላነሣውም፤ ቀኝ እጁን ጨብጧላ! ጨረቃ ከወጣች በኋላ ማሳዎቹ ጋ ደረሱ፤ በእሱ ሰፊና በእሷ ወንዝ ዳር መካከል ያለችው ባለ ሁለት ጫማ ሣር ላይ። እዚያ ቆመና መዳፉን ከፈተ። ላብ ብቻ ነው ያለው።

«እትዬ» አላት፤ ከጠዋት ጀምሮ ለእሷ የመጀመሪያው ቃሉ ነው። «ጠፋ።»

«ምኑ?»

«ትርፉ።»

የሺመቤት መዳፉን ይዛ በጨረቃዋ ብርሃን አገላብጣ አየችው። «ከጠዋት ጀምሮ ያኮረፍከኝ ለዚህ ነው?»

«እኔ? እኔ መቼ አኮረፍኩ!»

አያ ወልደ ጻድቅ ከፊት ሆነው፣ ዞር እንኳ ሳይሉ፣ ምርኩዛቸውን ከፍ አደረጉ።

«ሐሰት!»